ውሸታሙ ምስክር፦ የቲቶ 1፥12 አያዎ በፍልስፍናና በቤተ ክርስቲያን ታሪክ

መግቢያ

አንድ ሰው ፊትዎ ቆሞ «አሁን የምናገረው ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? «እውነት ብለሃል» ካሉት፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቃሉ ውሸት ሊሆን ነው። «ዋሽተሃል» ካሉት ደግሞ፣ ሰውየው ያለው ይህንኑ ስለ ሆነ እውነት ተናግሯል ማለት ነው። በአማርኛ «አይ» እና «አዎ» የሚሉትን ቃላት አጋጥመን እንዲህ ያለውን ነገር «አያዎ» እንለዋለን። ስሙ ልክ ነው፤ ነገሩ «አዎ» ሲሉት «አይ»፣ «አይ» ሲሉት «አዎ» ይላልና።

መጋቢ የሆነ አንባቢ «እሑድ ስብከት አለብኝ፤ ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን የዚህ እንቆቅልሽ ዘመድ የሆነ ንግግር በቅዱስ መጽሐፋችን ውስጥ ተቀምጧል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቲቶ 1፥12 ላይ፣ ከቀርጤስ ሰዎች መካከል የሆነና እነርሱም እንደ ነቢይ የሚያዩት አንድ ሰው ስለ ገዛ ወገኖቹ የተናገረውን ይጠቅሳል። ሰውየው የቀርጤስን ሰዎች ዘወትር የሚዋሹ፣ እንደ ክፉ አውሬ የሆኑ፣ ሆዳቸውን የሚያስቀድሙ ሰነፎች ይላቸዋል። ሐዋርያውም በሚቀጥለው ቁጥር ምስክርነቱ እውነት መሆኑን ያጸናል።

ይህን መልእክት ሳስተምር በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያነሣል። «መምህር፣ የቀርጤስ ሰዎች ሁልጊዜ የሚዋሹ ከሆነ፣ ይህን የተናገረውም የቀርጤስ ሰው ከሆነ፣ ጳውሎስ ምስክርነቱን እንዴት አመነው?» ክፍሉ ይሥቃል። ሣቁ ሲበርድ ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይህኛው አያሥቅም። «ታዲያ እኛስ ስለ አንድ ሕዝብ እንዲህ ብለን መናገር እንችላለን?»

በዚህ ጽሑፍ ላሳይዎ የምፈልገው ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን ነው። ወደ ራሱ የሚመለስ ንግግር፣ ማለትም ተናጋሪውንም ጭምር የሚዳኝ ንግግር፣ ፈላስፎችን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቸግሯል። ታሪኩን ተከትለን ወደ ቲቶ መልእክት ስንመለስ፣ መልእክቱ ለክርስቲያን ተናጋሪ ያለውን ጥብቅ ምክር ይበልጥ እናያለን።

የቀርጤሱ ሰውና የሚሊጢኑ ሰው

የጥንት ጸሐፊዎች በቲቶ 1፥12 የተጠቀሰው ሰው ኤፒሜኒዲስ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ኤፒሜኒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ወይም በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረ የቀርጤስ ጠቢብ ነው። አቴናን ከርኩሰት ለማንጻት እንደ ተጠራ ይተረካል። በዋሻ ውስጥ ሃምሳ ሰባት ዓመት ተኝቶ ነቃ የሚል አፈ ታሪክም አለው። የቀርጤስ ሰዎች በውሸት መታማታቸው ደግሞ የተለመደ ነበር፤ በግሪክኛ ከደሴቲቱ ስም የወጣ አንድ ግስ «ማታለል፣ መዋሸት» የሚል ፍቺ ነበረው። ኤፒሜኒዲስ ወገኖቹን ሲገሥጽ እንቆቅልሽ ሊጠይቅ አስቦ እንደ ነበር የሚያሳይ ነገር የለንም። እንደሚወቅስ ሰው ወቀሰ፤ ይኸው ነው።

እንቆቅልሹ የመጣው ከሌላ ሰው ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የሚሊጢኑ ዩቡሊዲስ፣ የአርስቶትል ተቃዋሚ የነበረ ፈላስፋ፣ በአስቸጋሪ ጥያቄዎቹ ይታወቅ ነበር። ከእነዚህ አንዱ «እዋሻለሁ የሚል ሰው ይዋሻል ወይስ እውነት ይናገራል?» የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ቀርጤስ የለችም፤ ሕዝብም የለም። አንድ ሰው ከገዛ ቃሉ ጋር ብቻውን ቆሟል።

ግሪኮች ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ቴዎፍራስጦስ ስለዚሁ ጥያቄ ሦስት መጻሕፍት እንደ ጻፈ፣ የኢስጦኢኩ ፈላስፋ ክሪሲፐስም ብዙ እንደ ጻፈበት በጥንት ዝርዝሮች ላይ ተመዝግቧል። ባለ ቅኔውና የቋንቋ ሊቁ የቆሱ ፊሊጣስ እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ሌሊቱን ሲብሰለሰል ከስቶ ሞተ የሚል ተረትም ቀርቷል። ተረቱ እውነት ባይሆንም፣ እንቆቅልሹ እንቅልፍ የሚነሣ እንደ ነበር ይነግረናል።

አርስቶትል በአሳሳች ክርክሮች ላይ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን በአጭሩ ነካ አድርጎ ያልፋል። አንድ ሰው በጠቅላላው ውሸታም ሆኖ ሳለ በአንድ ነገር እውነት ሊናገር ይችላል ይላል። እርስዎም በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ሰው አያጡም፤ የሚዋሽ መሆኑ ቢታወቅም ቤት ሲቃጠል «እሳት!» ብሎ ቢጮኽ ሁሉም ይሮጣል። ለተማሪዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ነው። «ውሸታም» የሚለው ቃል የሰውን ልማድ የሚገልጽ እንጂ ከአፉ የሚወጣው እያንዳንዱ ቃል ሐሰት ነው የሚል አይደለም። ስለዚህ ጳውሎስ ኤፒሜኒዲስን ቢያምነው ከራሱ ጋር አልተጋጨም።

ግን አንድ እርምጃ እንጨምር። የኤፒሜኒዲስን ንግግር በጣም አጥብቀን፣ «የቀርጤስ ሰው የሚናገረው እያንዳንዱ ነገር ሐሰት ነው» የሚል እናድርገው። ይህ እውነት ሊሆን አይችልም፤ እውነት ከሆነ ይህን ያለውም የቀርጤስ ሰው ነውና ሐሰት ይሆናል። ሐሰት ነው ብንልስ? እዚህ ላይ ከዩቡሊዲስ ጥያቄ ይለያል። ሐሰት ነው ማለት «ቢያንስ አንድ የቀርጤስ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ እውነት ተናግሯል» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ያበቃል። ስለዚህ የቀርጤሱ ንግግር ሙሉ አያዎ አይደለም። መውጫ በር አለው፤ በሩም አንድ እውነተኛ የቀርጤስ ሰው ነው። ይህን ይያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አባቶች ምን አዩ?

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቲቶ 1፥12ን ሲያነቡ የተከራከሩበት ጉዳይ ከተማሪዬ ጥያቄ የተለየ ነበር። የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ ኤፒሜኒዲስን በስሙ ጠርቶ፣ ሐዋርያው ከግሪኮች ጠቢባንም ዘንድ ጥቂት እውነት መኖሩን እንዳልካደ ያሳያል። ዮሐንስ አፈወርቅ በቲቶ ስብከቶቹ ያነሣው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ባለ ቅኔው ካሊማኮስ የቀርጤስን ሰዎች ውሸታሞች ያላቸው «የዜውስ መቃብር እኛ ዘንድ ነው» በማለታቸው ነበር። ታዲያ ሐዋርያው ምስክሩን እውነት ካለ፣ ዜውስ ሕያው አምላክ ነው ማለቱ ነውን? አፈወርቅ አይደለም ይላል። ሐዋርያው የተቀበለው የሰዎቹን የመዋሸት ልማድ በተመለከተ የተባለውን ብቻ ነው፤ የጠቀሰውም ሰዎች በራሳቸው ምስክር ሲወቀሱ ይበልጥ ስለሚሰሙ ነው።

ወደ ራሱ የሚመለሰው እንቆቅልሽ ግልጥ ሆኖ የሚወጣው በሌላ ቦታ፣ በመዝሙረ ዳዊት 116፥11 ላይ ነው። መዝሙረኛው በድንጋጤው ሰው ሁሉ ውሸተኛ እንደ ሆነ መናገሩን ይገልጻል። በሄሮኒሙስ ስም በሚታወቀው ስብከት ሰባኪው ለጉባኤው እንዲህ የሚል አሳብ ያቀርባል፦ ሰው ሁሉ ከዋሸ ዳዊትም ሰው ነውና ዋሽቷል፤ ዳዊት ከዋሸ ደግሞ ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለቱ አይጸናም። ልብ ይበሉ፤ እንቆቅልሹ የፈላስፎችን አዳራሽ ትቶ ወደ መድረክ ወጥቷል። የሚጠየቀውም ቀርጤስ አይደለችም፤ «ሰው ሁሉ» ነው። ጳውሎስም በሮሜ 3፥4 የእግዚአብሔርን እውነተኛነት ከሰው ሁሉ ውሸተኛነት ጋር ሲያነጻጽር ራሱን ከሰው ሁሉ አላወጣም።

አውግስጢኖስ ደግሞ የነገሩን ሌላ ፊት ያሳየናል። ወደ ራሱ የሚመለስ ንግግር ሁሉ ራሱን አያፈርስም፤ ራሱን የሚያጸናም አለ። «በእግዚአብሔር ከተማ» አሥራ አንደኛ መጽሐፍ ውስጥ «ብትሳሳትስ?» ለሚሉት ተጠራጣሪዎች፣ የምሳሳት ከሆነ እንኳ መኖሬ የተረጋገጠ ነው፤ የሌለ ሰው ሊሳሳት አይችልምና ብሎ ይመልሳል። ስሕተቱ ራሱ ለተሳሳተው ሰው መኖር ምስክር ሆነ።

ከኦክስፎርድ እስከ ራስል

በአሥራ ሦስተኛውና በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በፓሪስና በኦክስፎርድ የነበሩ መምህራን እነዚህን ንግግሮች በላቲን «ኢንሶሉቢሊያ»፣ የማይፈቱ፣ ብለው ሰየሟቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ተናጋሪው ስለዚህች ቅጽበት ሳይሆን ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ ተናገረው ነው የሚናገረው ብለው ሊፈቱት ሞከሩ። ሌሎች ንግግሩ ምንም አልተናገረም አሉ።

ከሁሉ ይልቅ የምናስታውሰው ቶማስ ብራድዋርዲንን ነው። በ1320ዎቹ መጀመሪያ በኦክስፎርድ ሳለ በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በግልጥ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ የሚከተለውንም ሁሉ ይላል ብሎ አስተማረ። «እኔ ሐሰት ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በውስጡ «እኔ እውነት ነኝ» ማለትንም ይሸከማል፤ ስለዚህ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ስለማይችሉ ሐሰት ነው። ይኸው ሰው በኋላ በ1344 ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ ሊቆም ይችላል የሚሉትን የፔላጊዮስን ተከታዮች የሚቃወም ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በ1349 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በወረርሽኙ ሞተ። ሁለቱ መጻሕፍት በታሪክ የተያያዙ ናቸው አልልም። ግን ቃል ራሱን በራሱ ሊያቆም እንደማይችል ያየ ሰው፣ ሰው ራሱን በራሱ ሊያቆም እንደማይችልም መስበኩ ያስደንቀኛል።

ከዚያ እንቆቅልሹ ለረጅም ጊዜ እንደ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ታየ። ያነቃው በርትራንድ ራስል ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1902 ለጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬጌ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳብን በሥነ ሞገት ላይ ለማቆም የተደከመበት ሥራ መሠረቱ ላይ ስንጥቅ እንዳለው አሳወቀው። «ራሳቸውን የማይዙ ስብስቦች ሁሉ ስብስብ ራሱን ይይዛልን?» ይዟል ካሉ አልያዘም፤ አልያዘም ካሉ ይዟል። የፍሬጌ ሁለተኛ ቅጽ በኅትመት ላይ ነበር፤ በመጨረሻው ላይ ስሕተቱን የሚያምን ማስታወሻ ጨምሮ በ1903 አወጣው። የዕድሜ ልክ ሥራው ሲናጋ ያልሸሸ፣ እውነቱን በገዛ መጽሐፉ ያተመ ሰው ነው። ራስል በ1908 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን አያዎች ሲዘረዝር ቀዳሚ ያደረገው ኤፒሜኒዲስን ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን የምናየው ከእንዲህ ያሉ ጽሑፎች የተነሣ ነው።

በ1931 ኩርት ጎደል የውሸታሙን ንግግር በሚመስል መንገድ፣ ከራሱ ጋር የማይጋጭና ለመሠረታዊ ሒሳብ የሚበቃ ሥርዓት በራሱ ሕግ ሊያረጋግጠው የማይችለው እውነት እንዳለ አሳየ። አልፍሬድ ታርስኪም የአንድን ሥርዓታዊ ቋንቋ እውነት ከዚያ ከሚሰፋ ሌላ ቋንቋ ሆኖ እንጂ በዚያው ቋንቋ ውስጥ ሆኖ ሙሉ በሙሉ መወሰን እንደማይቻል አስረዳ። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። እነዚህ ስለ ሒሳብና ስለ ሥርዓታዊ ቋንቋዎች የተባሉ ናቸው። «ጎደል እግዚአብሔር መኖሩን አረጋገጠ» ብሎ ከዚህ ተነሥቶ መስበክ ለእውነት የቆምን መስሎን እውነትን ማጉደል ነው።

ወደ ቲቶ መልእክት

በ1994 የአዲስ ኪዳን ሊቁ አንቶኒ ቲሰልተን ባወጣው ጽሑፍ፣ ተርጓሚዎች ይህን ጥቅስ ሕዝብን ለመስደብ እንደ ዋለ ቃል ብቻ ማንበባቸውን ተቃወመ። በእርሱ አስተያየት ጥቅሱ ራሱን የሚያፈርስ ንግግር ምሳሌ ነው፤ ቃል በሕይወት ካልተደገፈ እንዴት ባዶ እንደሚሆን ያሳያል። ጳውሎስ ሆን ብሎ አያዎውን አስቦበታል የሚለውን ሁሉም አይቀበለውም፤ እኔም በዚያ ላይ አልጸናም። መልእክቱን ሙሉውን ስናነብ ግን የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ግልጥ ናቸው።

አንደኛ፣ ንግግሩ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የቀርጤሱ ንግግር ጠብቆ ሲነበብ መውጫ በሩ አንድ እውነተኛ የቀርጤስ ሰው ነው ብለን ነበር። አሁን ቲቶ 1፥5ን ይመልከቱ። ሐዋርያው ቲቶን በቀርጤስ የተወው በየከተማው ሽማግሌዎችን እንዲሾም ነው። ከየት ያመጣቸዋል? ከዚያው ከቀርጤስ ነው። ውሸታም በተባለው ሕዝብ መካከል ነውር የሌለበት፣ የታመነውን ቃል አጥብቆ የሚይዝ ሰው እንደሚገኝ ጳውሎስ ይተማመናል። የሐዋርያት ሥራ 2፥11ም በበዓለ ሃምሳ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በገዛ ቋንቋቸው ከሰሙት መካከል የቀርጤስን ሰዎች ይቆጥራል።

ሁለተኛ፣ ተግሣጹ ወደ ተናጋሪውም ይዞራል። በ1፥10 የሚወቀሱት አሳቾች በተለይ ከተገረዙት ወገን ናቸው፤ ይህም የጳውሎስ የራሱ ወገን ነው። ዓላማውም በ1፥13 እንደምናየው ሰዎቹ በእምነት ጤናሞች እንዲሆኑ ነው። በ3፥3 ደግሞ ሐዋርያው «እኛ ደግሞ» ብሎ ራሱን ከማያስተውሉት፣ ከማይታዘዙትና ከሚስቱት ጋር ይቆጥራል። ግን «ቀድሞ» የሚል ቃል አለው። ያ ቃል ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። «ውሸታም ነኝ» የሚል ሰው አያዎ ውስጥ ይገባል፤ «ውሸታም ነበርሁ፤ ምሕረት አገኘሁ» የሚል ሰው ግን ምስክር ነው። በ3፥4 እና 5 እንደተጻፈው ከእዚያ አዙሪት ያወጣው የገዛ ሥራው ሳይሆን የአዳኙ ቸርነት ነው።

ሦስተኛ፣ እውነት የሚጀምረው ከሰው አይደለም። መልእክቱ ገና በ1፥2 ላይ የማይዋሸውን እግዚአብሔርን ያስቀድማል። በምዕራፉ መጨረሻ፣ በ1፥16፣ ደግሞ እግዚአብሔርን እናውቃለን እያሉ በሥራቸው የሚክዱት ይቆማሉ። የቀርጤሱ ጠቢብ የተጠቀሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ የምዕራፉ ከባድ አያዎ ኤፒሜኒዲስ ያለው ሳይሆን፣ አፉ «አዎ» ሲል ሥራው «አይ» የሚል አማኝ ነው።

ለእኛ መድረክ

«አበሻ ምቀኛ ነው» የሚለውን ንግግር ያልሰማ የለም። የሚናገረው ማን ነው? አበሻ ነው። ተናጋሪው ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ከቁጥሩ አውጥቶ ነው የሚናገረው። «የዘንድሮ አገልጋይ ሁሉ ገንዘብ ወዳድ ነው» ብለን ስንሰብክም እንዲሁ ነው። ራሳችንን ከጨመርን ማን ይስማን? ካወጣን ደግሞ ትዕቢታችንን ሰበክን። «ሁሉ» ከማለታችን በፊት «እኔስ?» ብንል ይሻላል።

ከዚህ የሚከፋው ስለ ሌላው ሕዝብ የምንለው ነው። የተማሪዬን ሁለተኛ ጥያቄ በዚህ ልመልስ። አንችልም። ጥቅሱን ለዚያ ፈቃድ አድርጎ የሚወስድ ሰው ሦስት ነገሮች ይጎድሉታል፦ ንግግሩ የገዛ ወገን ንግግር መሆኑን፣ ሐዋርያው ራሱንና ወገኑን ከተግሣጹ አለማውጣቱን፣ ከዚያም ሕዝብ መካከል እረኞችን ማስሾሙን። በአገራችን በሕዝብ ላይ የተለጠፈ ክፉ ስም ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ አንባቢዬ ያውቃል። ከመድረካችን አንድ ቃል እንኳ በዚያ ላይ ሊጨመር አይገባም።

በመጨረሻም ለወጣቶች ስለምንሰጠው መልስ። «ፍጹም እውነት የለም» ለሚል ወጣት «ይህስ ንግግርህ ፍጹም እውነት ነውን?» ብሎ መመለስ ትክክል ነው፤ ንግግሩ በእውነት ራሱን ያፈርሳል። ግን ክርክሩን አሸንፈን ወጣቱን ልናጣው እንችላለን። ይህን የሚለው ፍልስፍና አንብቦ ሳይሆን እውነትን ሲሰብክለት የነበረ ሰው በሐሰት ሲኖር አይቶ ሊሆን ይችላል። የእርሱ ንግግር በሥነ ሞገት ሕግ ይፈርሳል፤ የእኛ ግን በ1፥16 ይፈርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ጥሩ ጥያቄ ከመወርወር በፊት ይቅርታ መጠየቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ማጠቃለያ

የመልእክቱ የመጨረሻ ሰላምታ በ3፥15 ለሁሉም የተላከ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በቀርጤስ ጉባኤ ፊት ሲነበብ ያስቡት። የሚያነበው ሰው ምናልባት በቅርቡ የተሾመ የአገሩ ሽማግሌ ነው። ወደ 1፥12 ደርሶ፣ የቀርጤስ ሰው ሆኖ፣ ለቀርጤስ ሰዎች፣ የቀርጤስ ሰዎች እንደሚዋሹ ያነብባል። የሚሰሙት ሁሉ ቀና ብለው ያዩታል። በገበያ ሚዛኑን፣ በቤቱ ልጆቹን፣ በጎረቤቱ ዘንድ ቃሉን ያውቁታል። ዩቡሊዲስ በዚያ ቢቀመጥ «ይህ ሰው ይዋሻል ወይስ እውነት ይናገራል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጉባኤው የሚመልሰው የሥነ ሞገት መጽሐፍ ገልጦ ሳይሆን ሰውየውን አይቶ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በሚመጣው እሑድ እርስዎም መጽሐፉን ይዘው በሚያውቁዎት ሰዎች ፊት ይቆማሉ።